የሜሪት ስኮላርሺፕ ጥያቄ፦ መጀመሪያ ማን ለምን እንደሚከፍል ይወቁ

እህቴ፣ ልጅዎ 12ኛ ክፍል ናት፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ አንደኛ ትወጣለች። አንድ ኤጀንት «ሃርቫርድ በሜሪት ፉል ስኮላርሺፕ አስገኝላታለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቆዎታል፤ ልክፈል ወይ ነው ያሉት። አይክፈሉ። ሃርቫርድ የሜሪት፣ ማለትም በውጤትና በችሎታ የሚገኝ፣ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፤ የሌለ ነገር እየሸጠልዎት ነው።

እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አስተምራለሁ፤ ውጭ ለሚያመለክቱ ተማሪዎቼም የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች (ሃርቫርድ አንዱ ነው)፣ የቴክኖሎጂው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲም ጭምር፣ ገንዘብ የሚሰጡት በቤተሰብ አቅም ነው። ልጅቷ ከገባች እናንተ የማትችሉትን እነሱ ይሸፍናሉ። በደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ይሄ ከሜሪት ይሻላል ባይ ነኝ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትማውዝና ቦውዶይን የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ መጠየቁን ከመግቢያው ውሳኔ ጋር አያያይዙም። አብዛኞቹ ሌሎች ግን ያያይዛሉ። ቢሆንም ደብቃ ገብታ በኋላ ልጠይቅ ብትል ብዙዎቹ አይሰጧትም፤ ከመጀመሪያው ትናገር።

እውነተኛው የሜሪት ውድድር ሌላ ቦታ ነው። አሜሪካ ያለው ዋሽንግተን ኤንድ ሊ ዩኒቨርሲቲ ጆንሰን የተባለ ስኮላርሺፕ አለው፤ ትምህርቱንም መኝታውንም ምግቡንም ይሸፍናል። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በመሥራቹ ስም የሚሰጠው ግን የትምህርት ክፍያውን ነው። እዚህ ጋ ይጠንቀቁ! «ሙሉ የትምህርት ክፍያ» ማለት ሙሉ ወጪ አይደለም። መኝታና ምግብ ብቻ በዓመት ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከየት እንደሚሸፈን ካልታየ ደግሞ ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የተባለ የዩኒቨርሲቲው ቅጽ አይወጣም። ካናዳ ያለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሌስተር ፒርሰን ስኮላርሺፕ ትምህርቱንም መጽሐፉንም መኖሪያውንም ይሸፍናል፤ ግን ትምህርት ቤቱ እጩ አድርጎ ካላቀረባት መወዳደር አትችልም። ርዕሰ መምህሩን አሁኑኑ ያነጋግሯቸው።

በእኔ እይታ ልጆቻችን የሚሸነፉት በውጤት ሳይሆን በደብዳቤ ነው። የእኛ መምህራን «ታዛዥ፣ ጨዋና ታታሪ ተማሪ ናት» ብለን ማኅተም እንመታለን። በዚያ ደብዳቤ ማንንም ከማንም መለየት አይቻልም። ልጅቷ ለመምህሯ አንድ ገጽ ጽፋ ትስጥ፦ የቱን ጥያቄ በራሷ መንገድ እንደሠራች፣ ማንን እንዳስጠናች፣ ላብራቶሪ በሌለበት ሙከራውን በምን እንደሠራች። መምህሩ ከዚያ ይነሳል። የትምህርት ቤቱን ቅጽ የሚሞላው ሰውም (አማካሪ ከሌለ ርዕሰ መምህሩ ይሞላሉ) በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለና ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚጎድለው ይጻፍ። ማመልከቻውን የሚያነበው የዩኒቨርሲቲው ሰው ኮዬ ፈጬን አያውቅም፤ አንደኛ መውጣቷን የሚመዝነው ከዚያ ተነስቶ ነው።

በቤተሰብ አቅም ለሚሰጠው እርዳታ በሚጠየቀው የገቢ ማስረጃ ላይ ያለውን ብቻ ይጻፉ። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያወጣል፤ ነጋዴ የግብር ደረሰኙን ያያይዛል። የኮንዶሚኒየሙ ዋጋ በብር ብዙ ስለሚመስል የምትኖሩበት ቤት መሆኑን በማብራሪያው ቦታ ላይ ይግለጹ። የማመልከቻ ክፍያው ደግሞ በብዙ ቦታ ከ75 ዶላር በላይ ነው፤ ዶላር ፍለጋ ባንክ ለባንክ ከመዞርዎ በፊት ኮመን አፕ ላይ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ላይ የሚመለከትበት ድረ ገጽ ነው) ክፍያ ይነሳልኝ የሚለውን ትሙላ፣ ካልሆነ ለዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ትጻፍ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ኤስኤቲ የተባለውን የአሜሪካ የመግቢያ ፈተና ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲ፣ ዳርትማውዝና ብራውን መልሰው ግዴታ አድርገውታል፤ ካን አካዳሚ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ትለማመድ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያዙት፦ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ቦታ ጥቅምት 22 አካባቢ ይዘጋል፣ የጆንሰን ኅዳር 22፣ መደበኛው ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ። በመጨረሻው ማታ አታስገባ፤ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎ ነው የሚሄደው።

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት ላይ ይመጣል፤ ከማትሪክ በፊት ማለት ነው። ብትገባም ጥናቷን እንዳታቆም፤ የ12ኛ ክፍል የመጨረሻ ትራንስክሪፕቷን ይጠይቋታል።