ባለቤቴ በ43 ዓመቱ ጌም ጀመረ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 38 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 15 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ፋብሪካ ይሠራል። ድሮ ከሥራ ሲወጣ ከጓደኞቹ ጋር ግሮሰሪ ያመሽ ነበር። ኑሮው ተወደደ፣ ጊዜውም የማምሻ አይደለም ብሎ ተወው። እሰየው ስል ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ መጣ። «ለልጆቹ ነው» አለኝ። ልጆቹ የሚነኩት ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። እሱ በየማታው እራቱን በልቶ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ኳስ ይጫወታል። ድራማዬን ካየሁ ቆየሁ። አንዳንዴ ብቻውን ይስቃል። ከእኔ ጋር የሳቀበትን ቀን አላስታውስም። የመብራት ካርዱም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ለአማቴ ብነግራቸው «ድሮም ከፕሌይስቴሽን ቤት በአርጩሜ ነበር የማወጣው» ብለው ሳቁ። የንስሐ አባታችን ደግሞ «ልጄ፣ ቤቱ ተቀምጦ ምን አጠፋ?» አሉኝ። ጆይስቲኩን ቁም ሳጥን ውስጥ ብቆልፍበት ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ጎረቤት ቢሰማ ምን ይለኛል? ይሄ ሱስ ነው? እንዴት ላስተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀለል ያለውን እንጨርስ። የጌም ሱስ የሚባል ሕመም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መለያው ውስጥ አስገብቶታል። መስፈርቱ ግን ሰዓት መቁጠር አይደለም። ሰውየው ላቁም ቢል ያቅተዋል ወይ? ጌሙ ከሥራውም ከቤተሰቡም ይቀድምበታል ወይ? ጉዳት እያየበት ይቀጥላል ወይ? ኑሮው እስኪናጋ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለ12 ወራት ያህል ከዘለቀ ነው ሕመም የሚባለው። ባለቤትሽ ሥራውን ይሄዳል፣ እራቱን ከእናንተ ጋር ይበላል፣ ግሮሰሪውንም ትቷል። በደብዳቤ ምርመራ አይደረግም፤ ከጻፍሽው ብቻ ስነሳ ግን ሱስ አይመስለኝም።

ስለ ጎረቤትም ብዙ አትጨነቂ። ፕሌይስቴሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ጃፓን ውስጥ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ያኔ ልጅ የነበረው ሁሉ ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል። ደግሞስ ትልቅ ሰው መጫወቱ እኛ አገር መቼ አዲስ ሆኖ ያውቃል? ገና ሲደርስ በመንዝም በተጉለትም ባለትዳሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ሜዳ ይወርዳል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ጌታውም ይመታል። ልጅ ሆነ የሚለው የለም።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። አንድ ነገር ገርሞኛል። ባለቤትሽ ለዓመታት ግሮሰሪ ሲያመሽ አልጻፍሽልኝም። ገንዘቡን እዚያ ሲያጠፋ፣ አምሽቶ ሲገባ፣ ለአማትሽ ወይም ለንስሐ አባትሽ ስሞታ ያቀረብሽ አይመስልም። የጻፍሽው ቤት ሲገባ ነው። ለምን?

እንደሚመስለኝ፣ ውጭ ሲያመሽ ለራስሽ የምትነግሪው ምክንያት ነበረሽ። ወንድ ነው፣ ጓደኞች አሉት፣ የሁሉም ባል ያመሻል። ስትጠብቂው ደግሞ ተስፋ ነበረሽ። አንድ ቀን ይበቃውና ይሰበሰባል፣ ያኔ ልጆቹን አስተኝተን ቁጭ ብለን እናወጋለን የሚል። ያ ቀን ደረሰ። «እሰየው» ያልሽው ለዚህ ነው። ግን እሱ የመጣው ወደ ቤቱ ነው፤ ወደ አንቺ አልመጣም። ይሄ ከግሮሰሪው ይብሳል። ግሮሰሪ ሳለ ቢያንስ በመሃላችሁ መንገድ ነበር። አሁን እዚያው ሶፋ ላይ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ ሌላ ነገር መርጧል።

«ብቻውን ይስቃል፤ ከእኔ ጋር የሳቀበትን ቀን አላስታውስም» ብለሽ ወዲያው ወደ መብራት ካርዱ ዘለልሽ። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆምኩ። ለካርዱ ብለሽ ይህን ሁሉ የጻፍሽ አይመስለኝም። የንስሐ አባታችሁ ያሉት ያስከፋሽም ለዚህ ይሆናል። እሳቸው ጥፋት ፈለጉና አጡ፤ ልክ ናቸው። አንቺ ግን የሄድሽው ናፍቆሽ ነው። አብሮሽ የሚኖር ሰው ሲናፍቅሽ ለማን ይነገራል? ያሳፍራል። ጌም ላይ መቆጣት በጣም ይቀላል።

አሁን ደግሞ ትንሽ ላስከፋሽ ነው። ለአማትሽ ተናገርሽ። ለንስሐ አባትሽ ተናገርሽ። ለእኔ ጻፍሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ለእሱ የተናገርሽው አንድ ቃል ግን አላገኘሁም። ለእሱ የደረሰው የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው። እኔም ብሆን አኮርፍ ነበር።

ነገሩን ከእሱ በኩልም እስቲ እዪው። በ15 ዓመት ትዳር ውስጥ ይህ ሰው የማታውን ቤት አያውቀውም። ከእራት በኋላ ምን እንደሚደረግ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ልጆቹ በስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ቴሌቪዥኑ መቼ የማን እንደሆነ፣ ይሄን ሁሉ እሱ በሌለበት አንቺና ልጆችሽ ሠርታችሁታል። ደግ አደረጋችሁ፤ ቤቱ በሥርዓት ይሄዳል። እሱ ግን ማታ ማታ ገና እንግዳ ነው። እንግዳ ሲሆኑ ደግሞ እጅን የት ማድረግ እንዳለበት እንኳ ይጠፋል። ስለዚህ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቁጭ ብሎ የሚያውቀውን ጨዋታ ይዞ ገባ። «ለልጆቹ ነው» ማለቱም እሱ ራሱ ማፈሩን ይነግረኛል። ከግሮሰሪ የቀረ ወንድ ከጓደኞቹም እንደሚቀር አትርሺ። ስለዚያ ምን እንደተሰማው የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺ ስትጠብቂ የነበረው ሌላ ሰው ነበር፤ ሲመጣ ወሬ ይዞ የሚመጣ። የመጣው ግን ምን ማውራት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ነው።

በሁለት ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ቴሌቪዥኑ የቤተሰቡ ነው። በደብረ ብርሃን ውርጭ ሌላ ክፍል ሄዳችሁ ተቀመጡ አይባልም፤ ሁሉም ያለው ሳሎን ነው። በየማታው እስከ 6 ሰዓትም ይበዛል፤ በማግስቱ ሥራ አለው። እዚህ ላይ መነጋገር መብትሽ ነው።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ መጀመሪያ ጆይስቲኩን መልሺለት። ከዚያ ባልተጣላችሁበት ቀን ምን እንደሚጫወት ጠይቂው። «ኳስ» ብለሽ አልፈሽዋል። በእነዚህ የኳስ ጌሞች ውስጥ አንድ ክለብ ይዞ እንደ አሰልጣኝ የውድድር ዘመን በውድድር ዘመን መምራት አለ፤ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ትንሹን ክለብ ያሳድጋል። ብቻውን የሚያስቀው ምናልባት እዚያ ያለ አንድ አጥቂ ይሆናል። መጫወት የለብሽም፤ ካልወደድሽው አትዋሺም። ስለ ሰዓቱና ስለ ድራማው ከዚያ በኋላ ብትነጋገሩ ይሻላል፤ የትኛው ማታ የማን እንደሆነ መስማማት ከባድ አይሆንም ብዬ አስባለሁ። «ሳቅህ ናፍቆኛል» የምትለዋን ግን በኔ በኩል አታስተላልፊያት። ያቺን አንቺው ንገሪው። መጀመሪያ ቀን ዝም ሊልሽ ይችላል። 15 ዓመት ያልተወራ ነገር በአንድ ማታ አይወራም፤ ታገሺው።

ከሥራ መቅረት ከጀመረ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ለጌም ብሎ ከተበደረ፣ ወይም ስታቋርጡት ከልክ በላይ የሚቆጣ ከሆነ እኔ ያልኩት ሁሉ ይቀየራል፤ ሐኪም ይየው። ያ ባይኖርም አማካሪ ፊት አብራችሁ ብትቀመጡ ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት፤ እዚያ ጠይቂ። «እኔ እብድ ነኝ ወይ?» ብሎ እምቢ ካለሽ አትሟገቺው፣ ብቻሽን ጀምሪ። አንዳንድ ባል ሚስቱ ጥቂት ጊዜ ሄዳ ስትመለስ ካየ በኋላ፣ ምን እንደምታወራ ለመስማት ሲል ብቻ ተከትሎ ይመጣል።