የአማርኛ ስሞች በሰርቨር ላይ የጥያቄ ምልክት ሲሆኑ

ጥያቄ፦ በፒኤችፒ ቋንቋ እና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የአባላት መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። በላፕቶፔ ላይ የአማርኛ ስሞች በትክክል ይመዘገባሉ፤ ሰርቨር ላይ ከጫንኩት በኋላ ግን «ሰላም» ብዬ ያስገባሁት «???» ሆኖ ይመለሳል። የዳታቤዙን ሠንጠረዥ በሙሉ ወደ ዩቲኤፍ8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል ወደሚይዘው የኮድ አሠራር) ብቀይረው ይስተካከላል?

መልስ፦ እባክዎ ሠንጠረዡን ገና አይንኩት። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ነው፤ በገጹ ላይ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ደግሞ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። ፊደሉ በዳታቤዙ ውስጥ ደህና ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የከፈተው ግንኙነት ላቲን1 (የአማርኛ ፊደል የሌለበት የቆየ የፊደል ስብስብ) ከሆነ፣ ማይኤስኪውኤል መልሱን ሲልክ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በአንድ የጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ዓምዱ ራሱ ላቲን1 ሆኖ ግንኙነቱ ዩቲኤፍ8 ከሆነ ግን መተካቱ የሚፈጸመው በምዝገባው ጊዜ ስለሆነ ፊደሉ ያኔውኑ ጠፍቷል።

ሁለቱን የሚለየው፣ የተቀመጡትን ባይቶች በአሥራ ስድስትዮሽ ቁጥር (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) የሚያሳየው ሄክስ የተባለው ፈንክሽን ነው። «ሴሌክት ሄክስ» ብለው የዓምዱን ስም በቅንፍ ያስገቡ፤ «ፍሮም» ብለውም የሠንጠረዡን ስም ያስከትሉ (ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ ጻፍኳቸው እንጂ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት)። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቁጥር ዝርዝር ስሪት 3.0 ውስጥ ሲገባ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ስፍራ ስለያዘ፣ በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይትም ሁልጊዜ ኢ1 ነው። ስለዚህ በ«ሰ» ቦታ ኢ1 88 ቢ0 ካዩ ባይቶቹ ደህና ናቸው። 3ኤፍ ብቻ ተደርድሮ ካገኙት የተቀመጠው በእርግጥ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ከባክአፕ ወይም ከመመዝገቢያው ወረቀት በቀር የሚመልሰው የለም። በሲ3 ኤ1 የሚጀምር ከሆነ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ወደ ዩቲኤፍ8 ተቀይሯል ማለት ነው፤ ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ባይነሪ (ጥሬ ባይት)፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የማይኤስኪውኤል ሙሉ ዩቲኤፍ8) በመለወጥ ብዙውን ጊዜ ይድናል።

ሠንጠረዡን በሙሉ ለመቀየር ማሰብዎ ያሳሰበኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ዓምዱ ላቲን1 ተብሎ ውስጡ ግን እነዚያን ደህና ባይቶች የያዘ ከሆነ፣ «ኮንቨርት ቱ» የሚለው ትዕዛዝ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ ስለሚለውጠው ጤነኛውን ጽሑፍ ያበላሸዋል። እኔ ራሴ ይህን ስህተት በአንድ ደንበኛ የስም ዝርዝር ላይ ፈጽሜ፣ ለማስተካከል ሌሊቱን በሙሉ ሠርቻለሁ። ትክክለኛው መንገድ ሙሉ ባክአፕ ከወሰዱ በኋላ ዓምዱን በመጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ (የጥሬ ባይት ዓምድ)፣ ቀጥሎ ወደ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓምድ) ከዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጋር መለወጥ ነው፤ ባይነሪ ሲሆን ማይኤስኪውኤል ባይቶቹን ሳይተረጉም ይተዋቸዋል። የተገኘው 3ኤፍ ብቻ ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር ስለሌለ «ኮንቨርት ቱ» ይበቃል።

ላፕቶፕዎ ላይ ችግሩ ያልታየው ምናልባት የስሪት ልዩነት ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ማይኤስኪውኤል 8.0 ዩቲኤፍ8ኤምቢ4ን መነሻ ሲያደርግ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ስሪቶች መነሻቸው ላቲን1 ነበር። በሁለቱም ላይ «ሴሌክት ቨርዥን» ብለው ያነጻጽሩ፤ ከተለያዩም የሰርቨሩን ስሪት በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ለይቶ በሚያስኬድ መሣሪያ) ላፕቶፕዎ ላይ ያስነሱና በእርሱ ላይ ይሥሩ። ሠንጠረዥ ሲፈጥሩ የፊደል ስብስቡን በግልጽ ይጻፉ፤ በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር በሚገናኝበት መሣሪያ) የግንኙነት መስመር ላይም «ቻርሴት» የሚለውን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ያድርጉ። የቆየው «ዩቲኤፍ8» በማይኤስኪውኤል ቢበዛ 3 ባይት ብቻ ስለሚቀበል ለአማርኛ ቢበቃም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒኮድ 14 የጨመራቸውን የጉራጊኛ ፊደላት ግን አይቀበልም፤ እነርሱ 4 ባይት ናቸው። በአባላት መዝገብ ላይ ስሙን በራሱ ፊደል መጻፍ የማይችል ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

የስም ርዝመት የሚፈትሹት በፒኤችፒው «ስትርሌን» ፈንክሽን ከሆነ እርሱንም ይመልከቱ፤ የሚቆጥረው ባይት ነው። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል ቢሆንም 24 ይሆንበታል፤ ገደቡ 20 ከሆነ አባሉ ስሙ ረዝሟል ተብሎ ይመለሳል። «ኤምቢ_ስትርሌን» በሚለው ይተኩት፤ ጽሑፍ ሲያሳጥሩም በ«ሰብስትር» ፈንታ «ኤምቢ_ሰብስትር»ን ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ፊደል መሐሉ ላይ ይቆረጣል።