ከተማው ትንሽ ስለሆነ አየሩ ንጹሕ ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ አባቴ የቆየ የሳንባ ሕመም ስላለባቸው፣ ሐኪማቸው ጭስና አቧራ ከሚበዛበት ቦታ እንዲርቁ መከሯቸው። እኛም ትልቁን ከተማ ለቀን፣ ዙሪያውን በኮረብታ ወደተከበበና አንድም ፋብሪካ ወደሌለበት አነስተኛ ከተማ ተዛወርን። አባቴ እኩለ ቀን ላይ ደኅና ናቸው፤ ከመሸ በኋላና በማለዳ ግን ሳሉ ይነሣባቸዋል፣ ደረታቸውንም ያፍናቸዋል። ጎረቤቶቻችን «ብርዱ ነው እንጂ የዚህ ከተማ አየርማ ንጹሕ ነው» ይሉናል። የትንሽ ከተማ አየር ሊበከል ይችላል? የአየር ጥራት መለኪያ ጣቢያ በሌለበትስ ይህን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለአባትዎ ጤንነትን እንመኛለን። በሌሊትና በማለዳ የሚብስ ሳልና መታፈን የአስም ወይም የልብ ድካም ምልክትም ሊሆን ስለሚችል፣ ሕመሙ የሚነሣበትን ሰዓት ለሐኪማቸው በዝርዝር ቢነግሯቸው ይበጃል። ብርድም ቢሆን የታመመ ሳንባን ስለሚያስቆጣ፣ የጎረቤቶችዎ አስተያየት ጨርሶ የተሳሳተ አይደለም። ሆኖም በደብዳቤዎ ከገለጹልን ነገሮች ሁለቱ፣ ማለትም የኮረብታው ከበባና ሕመሙ የሚብስባቸው ሰዓታት፣ ስለ አየሩ ብዙ ይናገራሉ። የከተማው ማነስ ግን ለአየሩ ንጽሕና ዋስትና ሊሆን አይችልም።

አንድ ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባውን ብክለት መጠን የሚወስነው የከተማው የሕዝብ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ምን ያህል ቅርብ ከሆነ ቦታ እንደሚወጣ፣ ከምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚለቀቅ፣ ከተለቀቀም በኋላ የሚበታተንበት ሰፊ አየር ማግኘት አለማግኘቱ ጭምር ነው። ከረጅም የፋብሪካ ጭስ ማውጫ የወጣ ጭስ ወደ መሬት ከመድረሱ በፊት ርቆ ሊሄድና ሊሳሳ ይችላል፤ ከማድቤት፣ ከሚቃጠል የቆሻሻ ክምር ወይም ከአሮጌ የናፍጣ ሞተር የሚወጣው ግን በሰው አፍንጫ ትክክል ይለቀቃል።

ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ እየወጣ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ሲል ግን መሬቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየርም ቀዝቅዞ ስለሚከብድ ከኮረብታው ጎን ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር ይተኛበትና ክዳን እንደተደፋበት ድስት አፍኖ ይይዘዋል። ነዋሪው እሳት የሚያነድደው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚሁ የማታና የማለዳ ሰዓታት ነው። አመሻሽ ላይ ከፍ ካለ ቦታ ቆመው ወደ ከተማው ቢመለከቱ፣ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ድንገት ወደ ጎን ሲተኛ፣ ከሌላው ጭስ ጋር ተቀላቅሎም በጣሪያዎቹ ላይ ግራጫ ንጣፍ ሲሠራ ሊያዩ ይችላሉ። ይህን ካዩ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የጥያቄዎን ግማሽ መልስ አግኝተዋል ማለት ነው።

በአየር ብክለት ታሪክ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣው ዶኖራ፣ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት በወንዝ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ በጊዜው ወደ 14,000 ገደማ ነዋሪ የነበራት አነስተኛ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1948 መጨረሻ ላይ እንዲሁ ያለ የአየር መታፈን ለቀናት ስለቆየ፣ የዚንክና የብረት ፋብሪካዎቿ ጭስ መውጫ አጥቶ 20 ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም ታመሙ። የእርስዎ ከተማ ፋብሪካ የለውም። ቢሆንም ሸለቆው ጭሱ ከፋብሪካ ይምጣ ከምድጃ አይለይም።

ከእርስዎ ሁኔታ ጋር ይበልጥ የምትቀራረበው በሞንታና ግዛት በተራሮች መካከል ያለችው ሊቢ ናት። በዚያ በብርድ ወራት አየሩን ከሚበክለው ደቃቅ ብናኝ አብዛኛው ከእንጨት ምድጃዎች የሚወጣ እንደነበር በጥናት ስለታወቀ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ አሮጌ ምድጃዎች ጭሳቸው አነስተኛ በሆነ ተተኩ። የብርድ ወራቱ ብናኝ ሩብ ያህል ቀነሰ፤ በልጆች ላይ ይታይ የነበረው የአተነፋፈስ ችግርም አብሮ ቀነሰ። ይህን የምንጠቅሰው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። የብክለት ምንጮቹ ጥቂትና የታወቁ በሆኑበት በትንሽ ከተማ፣ በአንዱ ምንጭ ላይ የሚወሰድ እርምጃ ውጤቱ በግልጽ ሊለካ የሚችል መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ደቃቅ ብናኝ ስላልነው ነገር ጥቂት እንበል። ሳይንቲስቶች ይበልጥ የሚሰጉት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ሲሆን፣ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያንሳል። አፍንጫና ጉሮሮ ስለማያስቀሩት እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያም የልብና የደም ሥር ሕመሞችን፣ ስትሮክን ጭምር ያባብሳል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ አየር ብክለትን ካንሰር አምጪ ሲል መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓቱ አማካይም ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተነፍሰው ከመመሪያው በላይ የሆነ አየር እንደሆነም ይኸው ድርጅት አስታውቋል፤ ስለዚህ ትናንሽ ከተሞችን ከዚህ ውጭ አድርጎ ማሰብ አይቻልም።

መለኪያ ጣቢያ ከሌለ፣ በሌዘር ብርሃን ብናኝን የሚቆጥሩ አነስተኛ መሣሪያዎች ይረዳሉ፤ ነገር ግን ጠባያቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን፣ በተለይም በጉም ጊዜ፣ ከእውነቱ በላይ ያነባሉ፤ ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣውን ሻካራ አቧራ ደግሞ አሳንሰው ያያሉ። በመሆኑም በአንድ ቀን ንባብ ከመደናገጥ፣ መሣሪያውን ከማድቤት አርቆ በሰው ቁመት ልክ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር መስቀልና ለሳምንታት የሰዓቱን አካሄድ መመዝገብ ይሻላል። ንባቡ ማታና ማለዳ ወጥቶ እኩለ ቀን ላይ የሚወርድ ከሆነ፣ መዝገቡን ከአባትዎ የሳል ሰዓት ጋር ጎን ለጎን አድርገው ለሐኪማቸው ያሳዩ።

እስከዚያው ድረስ አባትዎ የእግር ጉዟቸውንና ከቤት ውጭ የሚሠሩትን ሥራ አየሩ ወደሚላወስበት ወደ ረፋዱና ወደ እኩለ ቀኑ ቢያዛውሩት፣ መስኮትም በዚሁ ሰዓት ተከፍቶ ጭሱ ሲተኛ ቢዘጋ መልካም ነው። እዚህ ላይ ግን አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ፤ መስኮት በተዘጋበት ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ፈጽሞ አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። እንጨት የምታነዱ ከሆነም የተፈለጠና በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ነበልባል አጥቶ ሲጤስ የሚያወጣው ብናኝ ደኅና አድርጎ ከሚነድ ደረቅ እንጨት በእጅጉ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በከተማችን ቆሻሻ የሚያነሣ ስለሌለ ነዋሪው ፕላስቲኩንም ቅጠሉንም በአንድነት በየደጁ ያቃጥላል። ዛፍ ብንተክል ጭሱን ይመጥልናል?

መልስ፦ ዛፍ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን አይበቃም። በመንገድና በቤት መካከል የተተከለ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ከመንገድ የሚመጣውን ብናኝ በተወሰነ ደረጃ ሊቀንስ ይችላል፤ በጠባብ መንገድ ላይ የተጠጋጉ ትልልቅ ዛፎች ግን ነፋሱን ስለሚያግዱ ጭሱን ይዘው ሊያቆዩት ይችላሉ። በየደጁ የሚነደው እሳት ሙቀቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ፕላስቲኩ በሚገባ አይቃጠልም፤ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዚህ ዓይነት ሲቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን የተባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ለረጅም ዓመታት በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ይቆያሉ። ስለዚህ ጉልበታችሁን መጀመሪያ በእሳቱ ላይ አውሉት። ቅጠሉንና የሚበሰብሰውን ለይቶ ወደ ብስባሽ ማዳበሪያ መለወጥ፣ ከሚቃጠለው ክምር ትልቁን ክፍል ያስቀራል፤ ለቀሪው ፕላስቲክ አንድ የተከለለ ማጠራቀሚያ እንዲዘጋጅና ቋሚ የማንሻ ቀን እንዲወሰን አስተዳደሩን በጋራ መጠየቅ ይቻላል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ፕላስቲክና ጎማ በምንም ምክንያት እሳት ውስጥ አይግባ።

ጥያቄ፦ የጨርቅ ጭንብል ከጭስ ይከላከላል?

መልስ፦ ከሻካራ አቧራ በመጠኑ ይከላከላል፤ ከጭስ ደቃቅ ብናኝ ግን የሚያስጥለው ጥቂት ነው። ኤን-95 የተባለው ጭንብል ደቃቁን ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶ እንዲያስቀር የተሠራ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ፊት ላይ ዙሪያውን ሲገጥም ስለሆነ፣ ጢም ካለ ወይም በጎን ክፍተት ከቀረ ጥቅሙ ይወርዳል። እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያሉ ጋዞችን አያስቀርም። መተንፈስንም በመጠኑ ስለሚያከብድ፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከማድረጋቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።