ያገለገለ ሬጉሌተር ልግዛ ወይ ብለህ ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስኩባ (የባሕር ጠለቃ) ኮርስ ከጨረስክ ዓመት አልፎሃል፣ የኪራይ ዕቃ ሰልችቶሃል። አንድ ሰው ሙሉ ሬጉሌተር፣ ማለትም ከታንክ አየር የምንተነፍስበትን ዕቃ፣ ከነኦክቶፐሱ (መጠባበቂያ መተንፈሻው) እና ከነጌጁ (የግፊት መለኪያው) በአዲሱ ሲሶ ዋጋ ሊሸጥልህ ነው። «ሰርቪስ ተደርጓል፣ ብዙም አልተሠራበትም» ብሎሃል፣ መልስህንም እስከ ቅዳሜ ይፈልጋል። ይሄ ቁርጥ የእኔ ታሪክ ነው። ስለዚህ ፈርስት ስቴጅ (ታንኩ ላይ የሚገጠመው) ምን እንደሆነ፣ ሰከንድ ስቴጅ (አፍ ላይ የሚያዘው) ምን እንደሆነ እያልኩ ጊዜህን አልፈጅም፣ ኮርስ ላይ ተምረኸዋል። እኔ የከፈልኩትን አንተ እንዳትከፍል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

1. ስለ ዋጋ ከማውራትህ በፊት ሞዴሉን እወቅ። የፈርስት ስቴጁንም የሰከንድ ስቴጁንም ስምና ተራ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ከዚያ ለሻጩ ምንም ቃል ሳትሰጥ፣ ወደፊት ዕቃህን ሊሠራልህ የሚችል ባለሙያ ጋ ደውልና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ «የዚህ ሞዴል የሰርቪስ ኪት አሁን አለህ? ከሌለህስ ታስመጣልኛለህ?» «ይገኛል መሰለኝ» ካለህ መልስ አላገኘህም ማለት ነው፣ ሌላ ሰው ጋ ደውል። ኪት ስልህ ኦ-ሪንጎቹን (የጎማ ቀለበቶቹን)፣ ሲቶቹን (አየሩን የሚዘጉትን መቀመጫዎች) እና ፊልተሩን፣ ማለትም በየሰርቪሱ ወጥተው የሚጣሉትን ነው። ብዙ አምራቾች ኪቱን ለማንም አይሸጡም፣ ለፈቀዱለት ባለሙያ ብቻ ነው። ሞዴሉ ከምርት ሲወጣ ደግሞ ኪቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆይና እሱም ይቆማል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ሲቱ የተበላ ቀን አበቃለት።

ዕድሜ ራሱ ችግር እንዳይመስልህ። ፈረንሳዮቹ ኩስቶና ጋኛን በ1943 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አኳ-ለንግ የሚባለውን ሬጉሌተር ከሠሩ ወዲህ ዋናው ሐሳብ ያው ነው፦ የታንኩን ከፍተኛ ግፊት ዝቅ አድርጎ፣ ባለህበት ጥልቀት ልክ፣ ስትስብ ብቻ አየር መስጠት። ስኩባፕሮ ኤምኬ 2 የሚባለው ቀላል የፒስተን ፈርስት ስቴጅ ለአሥርተ ዓመታት ገበያ ላይ ያለ ነው፣ አሁንም በሰላም ይሠራል። ያረጀ ሆኖ ዕቃው የሚገኝለት፣ አዲስ መስሎ ዕቃው ከጠፋበት በብዙ ይሻላል። ይህን ግን እኔ የተማርኩት ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

2. ፊልተሩን እይ። የፈርስት ስቴጁን ክዳን አንሳና አየር የሚገባበትን ቀዳዳ በባትሪ አብራበት። ትንሽ የብረት ወንፊት ታያለህ። ንጹሕ መሆን አለባት። አረንጓዴ ካለባት የባሕር ውሃ ገብቶ ናሱን እየበላው ነው። ቀይ ቡናማ ከሆነች ከብረት ታንክ የመጣ ዝገት ነው። ከጠቆረች ደግሞ ታንክ ከሚሞላው ኮምፕረሰር የመጣ ዘይት ወይም የከሰል ብናኝ ሊሆን ይችላል። የእኔዋ ዳር ዳሯ አረንጓዴ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከላይ የተነካካ ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

3. «ሰርቪስ ተደርጓል» የሚለውን ቃል ሳይሆን ወረቀቱን ተቀበል። ቀን ያለበት፣ የተቀየረው ዕቃ የተጻፈበት፣ ተራ ቁጥሩ ከዕቃው ጋር የሚመሳሰል ወረቀት። የእኔ ሻጭ ሌባ አልነበረም፣ ይህን ልብ በልልኝ። ደግ ሰው ነው። «ሰርቪስ አስደርጌው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠለቅኩበት» አለኝ፣ እውነቱን ነው። እሱ ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት፣ ያ ሰርቪስ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት የተደረገ መሆኑን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ያልተሠራበት ዕቃ አዲስ ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። በብዙዎቹ ሰከንድ ስቴጆች ውስጥ ያለችው ሲት ታንክ ባልተገጠመበት ጊዜም ስፕሪንግ እየተጫናት ስለምትቀመጥ ቆይታ ቆይታ ትሰረጉዳለች። ለዚህ ነው አምራቾች በዳይቭ (በጠለቃ) ብዛት ብቻ ሳይሆን በጊዜም የሚገድቡት፤ እንደየሞዴሉ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይላሉ።

ልገዛው ስሄድ ከሻጩ ጋር ታንክ ላይ ገጠምነው፣ ሦስት አራቴ ተነፈስኩበት፣ ፐርጁን (አየሩን በእጅ የሚለቀውን ቁልፍ) ተጫንኩ፣ አየሩ ፏ አለ። ደስ አለኝ። ቆመን ስናወራ ታንኩ ክፍት ነበር፣ ጥቂት ቆይቶ ከሰከንድ ስቴጁ ስስ የሚል ድምፅ መጣ። ሰውዬው በመዳፉ መታ መታ ሲያደርገው ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ። ከፈልኩና ይዤው ሄድኩ። ያቺ ስስ የምትል ድምፅ ሁሉንም ነገር እየነገረችኝ ነበር፣ የሚሰማት ሰው ነው የጠፋው።

በራሴ ዕቃ የጠለቅኩበትን የመጀመሪያ ቀን መቼም አልረሳውም። 18 ሜትር ላይ እያለን አረፋው ከአፌ ላይ አልቆም አለ። እኔ ሳልተነፍስም ይወጣል። ጌጁን ሳየው የታንኩ ግፊት 120 ባር ነበር፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሜ ሳየው 70 ሆኗል። 18 ሜትር ላይ በዙሪያህ ያለው ግፊት ወደ 2.8 ባር ነውና የሚሾልከው አየር ላይ ላዩን ከሚሾልከው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። አብራኝ የነበረችው ጠላቂ ወዲያው ገባት። ኦክቶፐሷን ሰጠችኝ፣ ክንድ ለክንድ ተያያዝንና ቀስ ብለን ወጣን፣ 5 ሜትር ላይም ለጥንቃቄ 3 ደቂቃ ቆምን። ምንም አልሆንኩም። ጀልባው ላይ ስንወጣ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ባትኖርስ የሚለው ሐሳብ ለሳምንታት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከዚያ የጥገናው ጣጣ መጣ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ባንኮኒው ላይ ግማሽ ሰዓት አቆመኝ። ሰውዬው ዕቃውን ከቦርሳው ሳያወጣ «እኛ ጋ ካልተገዛ አንነካም» አለኝ። እሺ፣ ሕጋቸው ነው። ግን ደንበኛ በሞላበት ፊት «ርካሽ የሚፈልግ ሰው ለምን ባሕር ይገባል?» ብሎ ጨመረበት። ይሄን መቼም ይቅር አልለውም። አዲስ ጠላቂ እንዲህ ከተባለ ሁለተኛ ለመጠየቅ ያፍራል፣ ካፈረ ደግሞ ዕቃውን ሳያሠራ ይጠልቅበታል። አንተ እንደዚያ የሚልህ ካጋጠመህ ቦርሳህን አንሳና ውጣ፣ መጠየቅህን ግን አትተው።

ሁለተኛው ሱቅ በፈገግታ ተቀበለኝ። ፈገግታው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ሰባት ሳምንት አስቀመጡት። በየሳምንቱ ስደውል «ኪቱ እየመጣ ነው» ይሉኛል። እስከዚያው ሆዞቹ (የአየር ቱቦዎቹ) መቀየር አለባቸው ስላሉኝ አራት አዲስ ሆዝ ከፈልኩ። በስምንተኛው ሳምንት የሞዴሉ ኪት ከቆመ ቆይቷል አሉኝና የምርመራና የፈቱበትን አስከፍለው መለሱልኝ። አንድ ስልክ ደውለው በመጀመሪያው ቀን ሊያውቁት የሚችሉትን ነገር! እኔም እንደዚያው። በአንድ ስልክ ከመግዛቴ በፊት ላውቀው እችል ነበር። ለዚህ ነው ከላይ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ያን ያህል የጮህኩት።

ሦስተኛው አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሬጉሌተር ሲፈቱ የኖሩ። «ና ልጄ፣ አብረን እንየው» አሉኝ። የቢሲዲውን (ተንሳፋፊ ጃኬቱን) አየር በሚሞላው ሆዝ ላይ ትንሽ ጌጅ ሰኩና ታንኩን ከፈቱ። ይህቺ ጌጅ በፈርስት ስቴጁና በሰከንድ ስቴጁ መካከል ያለውን ግፊት ታሳያለች። በብዙዎቹ ሬጉሌተሮች ከ9 እስከ 10 ባር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛውን ቁጥር አምራቹ ይናገራል። መርፌዋ እዚያ ደርሳ ቀጥ ማለት አለባት። የእኔዋ 9.5 ደረሰች፣ አልቆመችም። 10፣ 11፣ 12። ከዚያ ያቺ የማውቃት ስስ የምትል ድምፅ መጣች። «የፈርስት ስቴጁ ሲት ስለማይዘጋ ግፊቱ ይጠራቀማል፣ ሲበዛበት ሰከንድ ስቴጁን ገፍቶ ይወጣል» አሉኝ። ፈተው አሳዩኝ። ሲቷ ላይ ቦይ ወጥቷል፣ ፒስተኑ ዙሪያ አረንጓዴ ነው። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ደምረው። የገዛሁበት፣ የሁለተኛው ሱቅ ምርመራ፣ አራት ሆዝ፣ እንደገና ኪራይ። አዲስ መካከለኛ ሬጉሌተር ልገዛበት የምችለው ገንዘብ ነበር። ከዚያ ሁሉ የተረፉኝ ሆዞቹ ብቻ ናቸው።

ያገለገለ አትግዛ እያልኩህ አይደለም። አሁን የምጠልቅበት ያገለገለ ነው! ስድስት ዓመት ሆነው፣ ከ200 በላይ ዳይቭ ሠርቼበታለሁ፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። እሱን ስገዛ ግን ሰውዬው ያሳዩኝን ዓይነት ትንሽ ጌጅ ራሴ ገዝቼ ይዤ ሄድኩ። ዋጋዋ ከአንድ ሰርቪስ በጣም ያነሰ ነው፣ እባክህ ግዛት። ታንኩን ከፍቼ አምስት ደቂቃ ሙሉ መርፌዋን ተመለከትኩ። ፐርጅ ስጫን ወረደች፣ ስለቅ ወዲያው ተመልሳ ቀጥ አለች። ቀጥሎ ታንኩን ዘጋሁ፣ የቀረውን አየር አስወጣሁና በሰከንድ ስቴጁ ሳብኩ። ምንም መምጣት የለበትም፣ አፍህ ላይ ሙጭጭ ማለት ነው ያለበት። ሾልኮ አየር ከመጣ ዲያፍራሙ (ስትስብ የሚንቀሳቀሰው የጎማ ሽፋን) ወይም የምታወጣው ትንፋሽ የሚወጣበት ቫልቭ ተቀዷል፣ ወይም የሰከንድ ስቴጁ አካል ተሰንጥቋል፣ ውሃ ውስጥ ስትገባ በዚያው ውሃ ይመጣል። ኦክቶፐሱንም እንዲሁ ሞክር፣ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ ሁሉንም ግፊት እንዳለበት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርነውና አረፋ ፈለግን። ሻጩ ትንሽ ተሰላችቷል፣ ይሰላች። ሕይወትህን የምታንጠለጥልበት ዕቃ ነው።

ዋጋውንም ስደራደር ሙሉ ሰርቪስ ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሜ ጠይቄ ስለነበር ያንን ቀነስኩ። ያገለገለ ሬጉሌተር ዋጋው የሰርቪሱን ጨምሮ ነው። ወረቀት ቢኖረውም ባይኖረውም ገዝተህ በቀጥታ ወደ ባለሙያ ነው የምትወስደው፣ ወደ ባሕር አይደለም። ድምሩ ከአዲሱ ሁለት ሦስተኛ ካለፈ እኔ አልገዛም።

ያልኩህን ካደረግክ የቀረው ቀላል ነው። የሆዞቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ጎማ ገለጥ አድርግና ብረቱ አጠገብ እጠፈው፣ ስንጥቅ ካየህ ይቀየራል። የተጎነጎኑትን ሆዞች በተለይ ተጠንቀቅ፣ አንዳንዶቹ ውስጣቸው እየረገፈ ብናኙ ወደ ሰከንድ ስቴጅ ይሄዳል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። የታንክ ግፊት ጌጁ ታንክ ሳይገጠም ዜሮ ላይ መሆን አለበት። ታንኩ ላይ የሚገጠምበት ማያያዣ ዮክ (የታንኩን አፍ አቅፎ የሚይዝ) ከሆነ እስከ 232 ባር ነው፣ የምትጠልቅበት ቦታ ዲን (ሬጉሌተሩ ተጠምዝዞ የሚገባበት) ታንክ ብቻ ካለ አስማሚ ያስፈልግሃል። ቀዝቃዛ ውሃ የምትገባ ከሆነ ላዩ ላይ የተጻፈውን ኢኤን 250 (የአውሮፓ የሬጉሌተር መስፈርት) ምልክት አንብብ፤ ከጎኑ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚል ካለበት ከዚያ በታች ለሆነ ውሃ አልተፈተነም። ተራ ቁጥሩንም አምራቹ ለደኅንነት መልሶ ከጠራቸው ጋር አመሳክር፣ የተሰረቀም እንዳይሆን። የአፍ መያዣውን በአዲስ ቀይረው፣ እሱ ርካሽ ነው።

ሻጭህ «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» ቢልህ ይሽጥለት። እኔንም እንዲሁ ብለው ነው ያጣደፉኝ። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ሞዴሉንና የፊልተሩን ፎቶ በደንብ አብርተህ አንሳና እዚሁ ለጥፍልኝ። ማታ ማታ እገባለሁ፣ አይቼ እነግርሃለሁ።