ስለ ኦፕራሲዮን ወሊድ የጠየቃችሁኝ

ለዓመታት ማዋለጃ ክፍል የሠራሁ አዋላጅ ነኝ። «ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን አበዙ፣ እንዴት ይቀነስ?» በሚለው ላይ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ይኸው መልሱ።

ሲስተር፣ ከመቶ ስንት ቢሆን ነው ልኩ?
የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (በፈረንጆቹ) እንዳለው፣ በአገር ደረጃ ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ ኦፕራሲዮን ስለበዛ ብቻ የእናትና የሕፃን ሞት አይቀንስም። ይህ ግን ለአንድ ሆስፒታል የተቆረጠ ኮታ አይደለም። ከባድ ከባዱ ሁሉ የሚላክለት ሆስፒታል ቁጥሩ ቢያብጥ አይፈረድበትም።

ምጥ አልገፋ ሲል እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?
ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድሮ የማህፀን በር በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር ካልከፈተ «ዘገየች» እንል ነበር። በ2018 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ ይህ መለኪያ ለሁሉም ሴት እንደማይሠራ፣ ዋናው ምጥም ከ5 ሴንቲ ሜትር እንደሚጀምር ይናገራል። አሁን አስቡት። አንዲት እናት 3 ላይ ሆና ትተኛለች። ከአራት ሰዓት በኋላ 4 ናት። የተረኛው ሰዓት ሊያልቅ ነው። ካርዷ ላይ «ምጥ አልገፋም» ይጻፋል። ኧረ ምጡ መች ተጀመረና! እኔም ስጽፍ ነበር፣ አልዋሽም።

የልጁ የልብ ምት ጥሩ ከሆነና እናትየዋ ደህና ከሆነች ትራመድ፣ ትጠጣ፣ የምትፈልገው ሰውም አጠገቧ ይሁን። ሳይለያት አብሯት የሚቆም ሰው ያላት እናት በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። መድኃኒት አይደል፣ ማሽን አይደል፣ ሰው ነው። ብዙ ቦታ ግን በር ላይ ይመለሳል።

የልጁን የልብ ምት የሚከታተለው ማሽን ሆዴ ላይ ታስሮ ቢቆይ አይሻልም?
ጤነኛ ከሆንሽ አይሻልም፤ ኦፕራሲዮን ያበዛል። የልብ ምቱን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ልጁን ወደ ውጭ መግፋት ስትጀምሪ ደግሞ በየ5 ደቂቃው ማዳመጥ ይበቃል።

አንዴ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ቀጣዩም በዚያው ነው?
የግድ አይደለም። ማህፀኑ ታች፣ በአግድም ከተቀደደ ከሚሞክሩት 10 እናቶች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ጠባሳው የመተርተሩ አደጋ ከ1 በመቶ በታች ነው። ቢሆንም ኦፕራሲዮን ክፍሉ ዝግጁ በሆነበት እንጂ ሌላ ቦታ አይሞከርም። ቁመቱን ከተቀደደ ይቅርብሽ። ቆዳሽ ላይ ያለው ጠባሳ ግን የውስጡን አይነግርሽም፤ የድሮ ካርድሽን ያዢ።

በአልትራሳውንድ «ልጁ ትልቅ ነው» አሉኝ።
ግምት ነው። 10 እና 15 በመቶ ወዲህም ወዲያም ይስታል።

ሐኪሙ «ኦፕራሲዮን» ሲል ባለቤቴ ምን ትጠይቅ?
ለምን? አሁኑኑ ነው ወይስ መጠበቅ ይቻላል? ሌላ ሐኪም አይቶታል? ልጁ ታፍኗል ወይም እንግዴ ልጁ መውጫውን ዘግቷል ከተባለ ግን ጥያቄውን ለኋላ ያድርጉትና ቶሎ ይፈርሙ።