በቀጥታ ወደ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ልግባ ወይ ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ኮምፒውተር ሳይንስ አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ፍላጎቴ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ነው፤ አልጎሪዝምና ፕሮግራሚንግ ላይ ጊዜ ከማጠፋ ለምን በቀጥታ ካሊ ሊኑክስ አልጀምርም?» ነው ያልሽው። (ካሊ የሲስተም ደህንነት መፈተሻ ቱሎች ተጭነውበት የሚመጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።) ከላይ የመለሱልሽ ብዙዎቹ «ጀምሪ፣ ምን ችግር አለው» ብለውሻል። የእኔ ሐሳብ ይለያል። ሥራዬ ለክሊኒኮችና ለሱቆች ሶፍትዌር መሥራት፣ ሌላ ሰው የሠራውንም መጠገን ነው። እዚያ ያየሁትን ልንገርሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ባየሁት ነገር ልጀምር። ታካሚዋ ስሟን ትናገራለች፤ ፀሐይ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ልጅ «ጸሃይ» ብላ ትጽፋለች። «አልተገኘም» ይላል። ሴትዮዋ ግን የቆየች ደንበኛ ናት። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው ማስታወሻ አሮጌው ካርድ ላይ ቀረ። ሐኪሙ የሚያየው ባዶ ታሪክ ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ለእኔና ለአንቺ ፀሐይና ጸሃይ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ፀ 4928 ነው፣ ጸ ደግሞ 4920። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ይህን ስም ስትጽፊ ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ አለሽ። ለመሃለኛው 6፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። በ3 ፊደል ስም ብቻ 12 አጻጻፍ ማለት ነው።

መፍትሔው ሃያ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ስሙ ሲመዘገብም ሲፈለግም መጀመሪያ በአንድ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ በሚሠራ የኮድ ቁራጭ ያልፋል። ፈንክሽኑ ፀን ወደ ጸ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ ከነቤተሰቦቻቸው ይመልሳል። ራብዖቹን ሃንና ዓን ወደ ሀና አ ማምጣትም አይረሳም። ውጤቱ ለፍለጋ ብቻ በተለየ ኮለም ይቀመጣል። ካርዱ ላይ የሚታየው ግን ሰውየው ራሱ የሚጽፈው አጻጻፍ ነው፤ ስሙ የእሱ ነውና እኛ የማረም መብት የለንም። ፕሮግራሚንግ የምልሽ ይሄን ነው፤ የሰውን ችግር ኮምፒውተር ወደሚገባው እርምጃ መለወጥ።

አሁን ወደ አልጎሪዝም፣ ማለትም ችግር ወደሚፈታበት የእርምጃ ቅደም ተከተል እንምጣ። 1 ሚሊዮን ስም አለ እንበል። ከላይ ጀምረሽ አንድ በአንድ ብታይ፣ የምትፈልጊው መጨረሻ ላይ ከሆነ 1 ሚሊዮን ጊዜ ታያለሽ። ስሞቹ በቅደም ተከተል ከተደረደሩ ግን መዝገበ ቃላት እንደምትገልጪው መሃሉን ገልጠሽ ግማሹን ትጥያለሽ፣ የቀረውንም እንዲሁ። ቢበዛ በ20 እርምጃ ታገኚዋለሽ። ይሄ ባይነሪ ሰርች ነው። ከዚህም የሚፈጥን አለ፤ ሀሽ ቴብል። ስሙን በቀመር ወደ ቁጥር ትለውጪና ቁጥሩ ወደሚያሳይሽ ቦታ በቀጥታ ትሄጃለሽ። ቀመሩም የሚወጣው ቁጥርም ሀሽ ይባላል። ዝርዝሩ ቢያድግም ባያድግም ፍጥነቱ ብዙም አይቀየርም።

«ታዲያ ይሄ ከሳይበር ሴኪዩሪቲ ጋር ምን አገናኘው?» ትይኝ ይሆናል። ሁሉም ነገሩ ይገናኛል። ሀሽ ላይ አንድ ፊደል ስትቀይሪ የሚወጣው ቁጥር ሌላ ይሆናል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ ያስቸገረንም ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ አንድ ፊደል ሲለይ ለኮምፒውተሩ ሌላ ስም ሆነ። ለፓስወርድ ደግሞ የምንፈልገው እሱን ነው። በደንብ የተሠራ ሲስተም ፓስወርድሽን አያስቀምጥም፣ ሀሹን ነው የሚያስቀምጠው። ስትገቢ የጻፍሽውን እንደገና ሀሽ አድርጎ ያስተያያል። ለፓስወርድ የሚሆነው ሀሽ ግን ከሀሽ ቴብሉ ይለያል፤ ከውጤቱ ተነስቶ ወደ ኋላ መመለስ እንዳይቻል ተደርጎ የተሠራ መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. 2009 ሮክዩ የተባለ ኩባንያ ዳታቤዝ ተሰረቀ። ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች ምንም ሳይሸፈኑ፣ እንደተጻፉ ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም የበዛው 123456 ነው። እ.ኤ.አ. 2012 ደግሞ የሊንክድኢን ድረ ገጽ ፓስወርዶች ተሰርቀው ወጡ። እዚያ ሀሽ ነበረ፤ ግን ሻ-1 በተባለው ፈጣን የሀሽ ቀመር፣ ያውም ያለ ሶልት። ሶልት ማለት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚጨመር የዘፈቀደ ጽሑፍ ነው። እሱ ከሌለ ተመሳሳይ ፓስወርድ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ተመሳሳይ ሀሽ ይኖራቸዋል፤ አንዱን የሰበረ ሁሉንም ሰበረ።

የሚገርምሽ ነገር፣ ያ የሮክዩ ዝርዝር ዛሬ አንቺ ልትጭኚው በፈለግሽው ካሊ ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል። ከ14 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ ፓስወርዶች አሉበት። ካሊን ከፍተሽ የፓስወርድ መስበሪያውን ስታስነሺ ፕሮግራሙ የሚሠራው አንድ በአንድ ማየት ነው፤ ከዝርዝሩ አንዱን ያነሳል፣ ሀሽ ያደርጋል፣ ከተሰረቀው ሀሽ ጋር ያስተያያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ያው የመጀመሪያ ሳምንት አልጎሪዝም!

መከላከያውም እርምጃ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. 1999 ይፋ የሆነው ቢክሪፕት የተባለው የፓስወርድ ሀሽ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ ሆኖ የተሠራ ነው። ኮስት የሚባል ቁጥር አለው፤ በ1 ስትጨምሪው ሥራው በእጥፍ ይጨምራል። 10 ላይ 1,024 ዙር፣ 12 ላይ 4,096 ዙር። በትክክል ፓስወርዱን ለሚያስገባ ሰው መዘግየቱ አይታወቅም። 14 ሚሊዮን ግምት ለሚሞክር ሌባ ግን ከባድ ነው። ስም ስንፈልግ እርምጃውን ለመቀነስ እንለፋለን፣ እዚህ ደግሞ ለማብዛት። መቁጠር የማትችል ሰው የትኛው ሲስተም እንደሚሰበር በምን ታውቃለች? ቱሉ አይነግራትም።

አንድ ልጨምር። ያው የካርድ ክፍሉ የፍለጋ ሳጥን ሌላ በሽታም ነበረበት። የተጻፈውን ስም እንዳለ ከኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዙ ጋር ይቀጥለው ነበር። ነጠላ ጥቅስ አስገብቶ ከኋላው ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው የታካሚውን ሁሉ ዝርዝር ማውጣት ይችላል። ይሄን ቀዳዳ መፈለጊያ ቱል ያገኝልሻል። ለምን እንደተፈጠረ የምታስረጂው ግን ጽሑፍና ትእዛዝ መቀላቀላቸውን ካየሽ ነው፤ የምታስተካክይውም ጽሑፉን በፓራሜትር፣ ማለትም ከትእዛዙ ውጭ ለብቻው በሚላክ ዋጋ፣ ለይተሽ መላክ ከቻልሽ ነው። ደሞዝ የሚከፈለውም ለማስተካከሉ ነው፣ በእኔ ልምድ።

ካሊን አትንኪ አላልኩም። ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተርሽ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ላይ ጫኚው፣ በራስሽ ማሽን ላይ ብቻ ተለማመጂ። የሰው ሲስተም ላይ ያለ ፈቃድ መሞከር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል፤ «ለመማር ነው» ማለት አያድንሽም።

እንግዲህ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ፓይተን ይበቃኛል፤ አንዴ እሱና የቢክሪፕት ላይብረሪው ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቅሽም። የክፍል ጓደኞችሽን ስም ይዘሽ ስም መፈለጊያ ጻፊ። አንድ በአንድ፣ ከዚያ ባይነሪ ሰርች፣ ከዚያ ሀሽ። እርምጃውን ፕሮግራሙ ራሱ ቆጥሮ ያሳይሽ። ባይነሪ ሰርችን ሳትኮርጂ ጻፊው፤ ቀላል ይመስላል፣ ጫፎቹ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ባዶ ዝርዝር ስጪው፣ አንድ ስም ብቻ ያለበት ስጪው፣ የሌለ ስም ጠይቂው። ቀጥሎ ፀሐይን በ12ቱም አጻጻፍ እንዲያገኝ አድርጊ። ከዚያ መግቢያ ፓስወርድ በቢክሪፕት ጨምሪበት፣ ኮስቱን ከ10 ወደ 14 ከፍ እያደረግሽ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ለኪ።

የሆነ ቦታ ከተያዝሽ እዚሁ ግሩፕ ላይ ኮድሽን ለጥፊ። የስክሪን ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን፣ ከነኤረር መልእክቱ። እኔም አየዋለሁ፣ ሌሎቹም ያግዙሻል።