ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስለ ማጥባት የጎረቤት እናቶችን ምክር ልስማ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 5 ሳምንት ሆነኝ። ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ ባለፈው ሳምንት ወደ ደሴ ተመለሰች። ልጄ ማታ ማታ ጡቴን አይለቅም፤ ሳስለቅቀው ያለቅሳል። ባለቤቴ «ወተትሽ አንሶት ነው፣ የዱቄት ወተት እንግዛለት» ይላል። ብሎካችን ውስጥ ከእኔ ቀድመው የወለዱ ሦስት እናቶች ቡና እየጠጡ ስለ ማጥባት ይመካከራሉ። እኔንም ነይ ብለውኛል። ግን ሐኪም አይደሉም። ምክራቸውን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። አዎ፣ ይሂዱ። ልጁንም ይዘው ይሂዱ።

መጀመሪያ የማታውን ለቅሶ እንየው። በዚህ ዕድሜ ሕፃናት አመሻሽ ላይ ጡት ደጋግመው ይፈልጋሉ። ለቅሶውም እስከ 6ኛው ሳምንት አካባቢ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ይቀንሳል። ስለዚህ ማልቀሱ ብቻውን ወተት አንሶታል አያሰኝም። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ከጠባ፣ 6 ወይም ከዚያ በላይ ዳይፐር በደንብ ካረጠበ፣ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም አካባቢ ከጨመረ እየበቃው ነው። የ6 ሳምንት ክትባቱ ደርሷል፤ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ያስመዝኑት።

ወተት የሚመረተው ልጁ በጠባው ልክ ነው። ጡጦ ሲጀመር ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቱ ሳይጠባ ይቀራል፣ ወተቱም የእውነት ማነስ ይጀምራል። ባለቤትዎ ለልጁ አስበው ነው፤ ግን የፈሩት ነገር በዚያው በኩል ሊመጣ ይችላል። የዱቄት ወተት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያንን የሚወስነው ልጁን አይቶና መዝኖ ሐኪም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወተቱ ከጡት እንዲወርድ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ጭንቀትና ሕመም ያዘገዩታል። ብቻዋን የምትጨነቅ እናት ወተቷ እያለ አልወርድ ሊላት ይችላል። አይዞሽ የሚላት ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ቀለል ይላታል፣ ወተቱም ይወርዳል።

የክትባት ወረፋ ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ነገር አለ። ጀማሪዋ እናት ጎብጣ፣ ትከሻዋ ተሰቅሎ፣ ጡቷን ወደ ልጁ ትወስዳለች። አጠገቧ ያለችው የሁለት ልጆች እናት ታያትና «አትጎንበሺለት፤ እሱን ወደ አንቺ አምጪው» ትላታለች። ነጠላዋን ጠቅልላ ከጀርባዋ ትደግፍላታለች። የልጁ ሆድ ከእናቱ ሆድ ይገጥማል። አፉን በሰፊው ሲከፍት ጠጋ ታደርገዋለች። አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውንም ጥቁር ክፍል ይጎርሳል። ትንሽ ቆይቶ ሲውጥ ይሰማል። እኔ ሥዕል እያሳየሁ ከማስረዳት ይልቅ ይሄኛው ቶሎ ይገባታል። እርስዎም ጎረቤቶችዎን «ሳጠባ እዩኝ» ይበሏቸው። ልጁ ሲለቅ የጡትዎ ጫፍ ተጨፍልቆ ከወጣ አያያዙ ልክ አይደለም፤ የሚያቆስለውም እሱ ነው።

እናት ለእናት መደጋገፍ እንደሚጠቅም በጥናት በተደጋጋሚ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1989 ለወሊድ ተቋማት ካወጧቸው አሥር እርምጃዎች የመጨረሻው፣ እናቶች ከተቋሙ ሲወጡ ከእናቶች የድጋፍ ቡድን ጋር ይገናኙ የሚል ነው። በእኛም ጤና ጣቢያዎች ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እናቶች አዲስ የሚመጡትን እያማከሩ፣ ልጆቻቸው ከቫይረሱ ነጻ ሆነው እንዲያድጉ ሲያግዙ ቆይተዋል። ድሮ ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ አራስ ቤት ጎረቤት አይጠፋም ነበር። አሁን ሰፈርተኛው ተበታትኗል፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ዘግቶ ይውላል፣ ብዙ እናት የአራስነቷን ጊዜ ብቻዋን ትጨርሳለች። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ያን በር ሦስት ሴቶች ከከፈቱልዎ ይግቡ።

ሁሉንም ምክር ግን አይውሰዱ። ውኃ፣ አብሽ ወይም ቅቤ ጠብ አድርጊለት የምትል ካለች ይለፏት፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። አጥሚቱንና ገንፎውን እርስዎ ይውሰዱት፣ ያበረታዎታል። ወተቱን የሚያበዛው ግን የልጁ መጥባት ነው። የሰው መድኃኒት አይዋሱ። ልጅ ተቀያይሮ ማጥባትም አይገባም፤ ኤችአይቪ በጡት ወተት ይተላለፋል። «የእኔ ልጅ በዚህ ዕድሜው ሌሊቱን ሙሉ ይተኛ ነበር» እያለች የምታወዳድር ካለች ጆሮ አይስጧት። ጥሩ አጋዥ መጀመሪያ ትጠይቃለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ነው የምትናገረው።

ከቡናው ተነስተው በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱበት ጊዜም አለ። የልጁ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አልጠባ ካለ፣ ዝሎ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም አተነፋፈሱ ከፈጠነ ይንጋ አይበሉ። የእርስዎም ጡት ቀልቶ ከጠነከረና ካተኮሰዎት ይታዩ፤ ማጥባቱን ግን አያቁሙ። ሐዘንና ለቅሶ ሁለት ሳምንት ካለፈዎት ሕክምና አለው። ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት በዚያው ሰዓት ለሰው ይናገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ይሂዱ።

ተቀጣሪ ከሆኑ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ አለዎት። ከሦስቱ እናቶች ሥራ የጀመረች ካለች ጡት በእጅ ማለብን ታሳይዎት። የታለበው ወተት ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ባለቤትዎ ለዱቄት ወተቱ ያሰቡትን ገንዘብ ለእርስዎ ምግብ ያውሉት። ማታ ልጁ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻቸው ላይ አድርገው ያስገሱት፤ እርስዎ ያን ጊዜ ይተኙ። ከክትባቱ ሲመለሱ ልጁ የተወለደበትንና የአሁኑን ክብደት ጽፈው ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።